የሰቃ መንገዷ ሊስተር፦ ከመስከረም እስከ ጥር የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሊስተሯን፣ አሮጌዋን የናፍጣ ሞተር፣ ከማንጎው ሥር አወጣናት። ዝናቡ ገና አልለቀቀም፣ መሬቱም ጭቃ ነው። ቡና ለቀማ ከገባ ግን በዚህ አገር ነጻ እጅ ማግኘት ዘበት ስለሆነ አሁኑኑ ካልሆነ አይሆንም አልን። ቦታው ከጅማ በሰቃ መንገድ ወጣ ብሎ፣ የአንዱ አባላችን ቤተሰብ የቡና ማሳ ዳር ነው። ሞተሯ መብራት እስኪገባ ድረስ የአካባቢውን እህል ስትፈጭ ኖራለች። ወፍጮው ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር ወደ ጓሮ ተገፋች፤ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ዶሮ ማሳደር ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። አሮጌ የእርሻና የወፍጮ ዕቃ እንጠግናለን፤ ከመካከላችን በርጩማ ጠራቢ፣ ቀጥቃጭና ቆዳ ሠሪም አሉ። ማኅበሩ ማኅተም የለው፣ ስም የለው። የሰፈሩ ልጆች ግን ስም አውጥተውልናል፦ «ዝገት ለቃሚዎች»። እኔ ጸሐፊ የሆንኩት ደብተር ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ክብደቷ ከ300 ኪሎ በላይ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ከባድ ቮላኖዎች (የብረት መንኮራኩሮች) አሏት። ስምንት ሰው፣ አራት የባሕር ዛፍ ግንድ፣ አንድ ረጅም ገመድ። ግንዶቹን ከኋላ እያነሱ ወደ ፊት እያነጠፉ፣ ሃያ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጀን።

ሰሌዳዋን በሽቦ ብሩሽ ስንፈትግ ጽሑፉ ወጣ፦ ሊስተር፣ ዴርስሊ፣ እንግሊዝ፤ 6 የፈረስ ጉልበት፤ በደቂቃ 650 ዙር። ሮበርት አሽተን ሊስተር ፋብሪካውን ዴርስሊ ላይ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ይህቺ «ሲ.ኤስ.» የምትባለው ዓይነት የመጣችው ግን ከ1930 አካባቢ ጀምሮ ነው። ስሟ ትርጉሙ «በብርድ የምትነሳ» ማለት ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ራሳቸው በእሳት እስኪግል መጠበቅ ነበረበት። እሷ እጅ ብቻ ነው የምትፈልገው። የሚገርመው የሰሌዳው ብሎኖች አንድም አልጎደሉም።

መስከረም 10

ማኖቬላውን (የማስነሻ እጀታውን) አስገብተን ሦስት ሰው ተንጠለጠልንበት። ንቅንቅ የለም። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጋብቷል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከፈትነው፤ ውስጡ የዛገ ውኃ፣ አንድ የሞተ በረሮና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የበቆሎ ፍሬ አለ።

ናፍጣና የፍሬን ዘይት እኩል ቀላቅለን ሲሊንደሩ ውስጥ ሞላን። አንዱ ወጣት በመዶሻ ይሁን አለ። አባባ (የእርሻ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት፣ የማኅበራችን ሽማግሌ) ሳይቆጡ መዶሻውን ከእጁ ወስደው ተቀመጡበት። «ይሄ ብረት ስንት ዓመት ቆሞ ነው የያዘው? አንተ በአንድ ቀን ልታስለቅቀው ነው?»

መስከረም 17

መስቀል ነው። አልተሰበሰብንም።

መስከረም 24

ለቀቀች! ጠራቢያችን ከወይራ አንድ ድፍን ኩብ ጠርበው አመጡ፤ ልክ የፒስተኑን ራስ የሚያህል። እሱን አስቀምጠን ከላይ በመዶሻ ቀስ፣ ቀስ። ወይራ አይሟሽሽም፣ ፒስተኑንም አይጎዳም። በአሥራ አምስተኛው ይሁን በሃያኛው ምት ድምፁ ተለወጠ፤ ድፍን የነበረው ክፍት ሆነ። አባባ ከመናገራቸው በፊት ሁላችንም ሰማነው።

ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ከአንዱ በስተቀር ደህና ናቸው። ሲሊንደሩ ላይ ጥፍር የማይዘው ጭረት አለ፤ እንተወው ተባለ። ስፋቱን ለካን፦ 114 ሚሊ ሜትር ከጥቂት። የሞተሯ መጽሐፍ አራት ከግማሽ ኢንች ስለሚል አልተበላም ማለት ነው።

ጥቅምት 8

ያለፈው ቅዳሜ አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገድ ስለተዘጋ ግማሾቻችን አልደረስንም።

ዛሬ የመዳቡ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ነገር ነበር። የቴስታታው አሮጌ ጓርኒሲዮን ጠንክሯል፤ አዲስ ፈልገን አላገኘንም። ቀጥቃጫችን ወናፉን ዘርግቶ ከሰሉን አነደደ፤ መዳቡን እስኪቀላ አግሎ ውኃ ውስጥ ከተተው። ከተማ ያደገው ልጅ ደነገጠ። «ጋሼ፣ አበላሸኸው እኮ! ውኃ ውስጥ ስትከተው ሊደነድን ነው።»

ቀጥቃጩ ሳቀ። «የሚደነድነውማ ብረት ነው፤ ያውም ማረሻ የሚሆነው። መዳብ ሌላ ጠባይ ነው ያለው። በእሳት ይለዝባል፣ ውኃው ቶሎ እንዲበርድልህ ብቻ ነው።» ወጥቶ በጣት ሲታጠፍ እንደ ሊጥ ሆነ። ይህን ሰውዬ አባቱ ነው ያስተማረው፤ አባቱን አያቱ። በዚህ አገር ቀጥቃጭ ሲባል ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ጊዜ ነበር፤ አሁንም ጨርሶ አልቀረም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ገጀራውን ግን ከእሱ እጅ ያልገዛ ገበሬ አላውቅም።

ጥቅምት 15

ኖዝሏ (የናፍጣ መርጫዋ) ታንጠባጥባለች፤ መርጨት ነበረባት። ከተማ አንድ ሱቅ «ኦሪጂናል» ብሎ የሸጠልን አዲስ ኖዝል ከአሮጌው የባሰ ሆኖ ተገኘ። አሮጌውን በናፍጣ አጥበን፣ መርፌውን በጥርስ ሳሙና አሽተን መልሰን ገጠምን። አሁን እንደ ጉም ትረጫለች። የጥርስ ሳሙናው ሐሳብ የማን እንደሆነ ሦስት ሰው ይከራከራል።

ማቀዝቀዣዋ በርሜል ነው። ከሲሊንደሩ ላይኛውና ታችኛው አፍ ሁለት ቱቦ ወደ በርሜሉ ይሄዳል፣ በቃ። የሞቀው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ የበረደው በታች ይመለሳል። ፖምፓ የለውም፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም።

ጥቅምት 29

ተነሳች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ዘይት ሞላን። ቢየላው (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ የሚያገናኘው ክንድ) ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ማንኪያ በየዙሩ ዘይቱን እየጨለፈች ሁሉንም ስለምትረጭ መጠኑ ከምልክቱ ማነስ የለበትም። የናፍጣውን አየር አስወጣን። አባባ ማኖቬላውን ይዘው ለወጣቶቹ አሳዩ፦ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን፣ አይጨበጥም። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጅ ይንሸራተታል፤ የጨበጠ ግን አውራ ጣቱን ይሰናበታል።

የጭስ ባልቮላዋን (የጭስ መውጫ ክዳኗን) ማንሻ ይዘን ሁለት ሰው አሽከረከረ። ቮላኖው ፍጥነት ሲይዝ አባባ ማንሻውን ለቀቁ። አንድ ጊዜ «ቱፍ» አለችና ዝም። ሁለተኛውም ዝም። በሦስተኛው ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ያ ልጅነቴ የሚያውቀው ድምፅ። ከማሳው ማዶ ሴቶች እልል አሉ። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት እህል ሊያስፈጩ ኩንታል ተሸክመው መጡ፤ ወፍጮ የላትም ብንላቸው ተቀየሙን።

ፍጥነቷን የምንለካበት መሣሪያ የለንም። በደቂቃ 650 ዙርን ዓይን አይቆጥረውም፤ እሳት የምታነሳው ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። በስልክ አሥር ሰኮንድ ድምፅ ቀዳንና አዝግመን አጫውተን ቆጠርን። 54 ምት። በስድስት ሲባዛ 324፣ በሁለት ሲባዛ 648። ሰሌዳው አልዋሸም።

ኅዳር

ቡና ለቀማ። ከኅዳር 6 እስከ 27 ያለው የደብተሬ ገጽ ባዶ ነው። ሊስተሯን በሸራ ሸፍነን ሁሉም ወደ ማሳው ሄደ፤ እኔም ጭምር።

ታኅሣሥ 4

ወደ መቀሸሪያው፣ የቡና ገለባ ማላቀቂያው፣ ገባን። ይህ ዕቃ ለብዙዎቻችን ከሞተሯ ይበልጣል። በአንድ አግድም ሲሊንደር ላይ የቆሙ የብረት ዘንጎች፣ ዙሪያውን የብረት ልባስ፣ ከሥር ወንፊት፣ በጎን ደግሞ ቀረብ ራቅ የሚደረግ አንድ ረጅም ቢላዋ። ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) በሲሊንደሩና በቢላዋው መካከል እርስ በርሱ እየተፋተገ ገለባውን ይጥላል። መላው የኤንገልበርግ ነው፤ ኤንገልበርግ ብራዚል ውስጥ የሠራ መሐንዲስ ነበር፣ ስሙ እስከ ዛሬ በዚህ ዓይነት መቀሸሪያ ሁሉ ይጠራል። የቡና አገር ችግርን የቡና አገር ሰው ሲፈታው ደስ ይላል።

ከሞተሯ ፑሊ (የማዞሪያ ክብ) ቺንጋ (ቀበቶ) ዘርግተን ግማሽ ፈረሱላ ጀንፈል አገባንበት። ጮኸ፣ ጋለ፣ ገለባውም ፍሬውም አብሮ ወጣ። ቡና በማበጠር እጃቸው የሚታወቅ አንዲት እናት አሉን፤ በሰፌድ አንዴ አነፈሱና ለእኔ ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ ይሄን ለማን ትሸጠዋለህ? ለዶሮ?» ከአንድ ኪሎ ቅሽር (ገለባው የወጣለት ቡና) ወደ 300 ግራሙ ተሰባሪ ነው። እሳቸው ሙቀጫና ዘነዘና ይዘው ከዚያው ጀንፈል አንድ ኪሎ ወቀጡ፤ የተሰበረው አንድ እፍኝ አልሞላም።

ጥፋቱ የት ነው? አባባ ሜትር አወጡ። የሞተሯ ፑሊ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። የመቀሸሪያው ደግሞ 30፤ አንድ ሰው ቀድሞ የነበረውን አውጥቶ ያገኘውን ገጥሞበታል። 650 በ40 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ከ860 በላይ ዙር ነው። «እኔ በጉብዝናዬ ያየሁት መቀሸሪያ ከ450 አያልፍም ነበር» አሉ። የ60 ሳንቲ ሜትር ፑሊ ቢሆን 433 ላይ ይወርዳል። ቶርኖ ቤት ብንጠይቅ የጠሩት ዋጋ የማኅበሩን ካዝና ሦስት ጊዜ ይገለብጠዋል።

«እንጨት አይሆንም?» አሉ ጠራቢያችን ከኋላ። ሁላችንም ዞርን። ለዝርግ ቺንጋ እንጨት ይሆናል፤ ድሮ ብዙ ፋብሪካዎች የእንጨት ፑሊ ነበራቸው።

ታኅሣሥ 11

ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ በደንብ ልጻፈው።

ነፋስ የጣለው ዋንዛ ነበር፣ ወፍራም ግንድ። በመጋዝ እንደ ዳቦ አንድ ቁራጭ ብንቆርጥ ክብ ሆኖ ይወጣል፣ መሃሉን በስተን እንገጥመዋለን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጠራቢው አልተስማሙም። «ኢልመኮ (ልጄ)፣ ልቡን ይዞ የተቆረጠ እንጨት ይሰነጠቃል። እርጥብ ደግሞ ነው። እኔ በርጩማ ስጠርብ መጀመሪያ ግንዱን ለሁለት ፈልጬ ልቡን አወጣለሁ።» እኔ ግን ቸኩያለሁ። ጀንፈሉ ደርሷል፣ ገና ሊገባ ነው፤ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ምን ይሆናል አልኩ። ድምፅ ተሰጠ፤ እኔ አሸነፍኩ።

ታኅሣሥ 25

ተሰነጠቀ። ከልቡ ተነስቶ እስከ ጠርዙ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር የሚያህል መስመር ነበር፤ አይቼ ዝም አልኩ።

ጠራቢው ምንም አላሉም። እንዲያውም ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 2

ጠራቢው ከወጥ ቤታቸው ቆጥ ላይ ጭስ ሲጠጡ ሁለት ዓመት የከረሙ ሁለት የዋንዛ ጠርቦችን ይዘው መጡ። ልባቸው የወጣ፣ እንደ ቡና የጠቆሩ። ለታዘዙ በርጩማዎች ያስቀመጧቸው ናቸው። «የበርጩማው ባለቤት ይጠብቃል። የአንተ ሞተር ግን አትጠብቅም» አሉኝ። ይህን ያህል ነው የወቀሱኝ።

አሠራሩ የሳቸው ነው። ፑሊው አንድ ክብ አይሆንም፤ ሁለት ግማሽ ክብ ሆኖ ዘንጉን ግራና ቀኝ አቅፎ በቡሎን ይጠበቃል። እንጨቱ ቢጠብ ቢሰፋ በመገናኛው ይተነፍሳል፣ ዳዶውን ትንሽ ማጥበቅ ብቻ ነው። ለሳቸው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የጅማ በርጩማ ከነሦስት እግሩ ከአንድ እንጨት ነው የሚወጣው፣ መጋጠሚያ ያለው ነገር መሥራት ለሳቸው እንደ መለጠፍ ነው። ከተማ ሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን የአባ ጅፋርን ዘመን በርጩማዎች ያየ ሰው ይገባዋል። እግሩ ሦስት የሆነውም በምክንያት ነው፦ ሦስት እግር በየትኛውም ወጣ ገባ መሬት አይወዛወዝም። (ሊስተሯን ባሕር ዛፍ ላይ ስናስር አራተኛው ቡሎን ሥር ስንት ላሜራ እንደጎዘጎዝን ሳስብ፣ እንግሊዞቹም በሦስት ቢያቆሟት ኖሮ እላለሁ።)

መጥረቢያቸው እጀታው አጭር፣ ስለቱ እንደ ዶማ አግድም የገባ ነው። እግራቸውን ጠርቡ ላይ አድርገው ወደ ራሳቸው ይጠርባሉ፤ ስለቱ ከአውራ ጣታቸው በአንድ ጣት ርቀት ያልፋል። ማየት አልቻልኩም።

ቀጥቃጩ በበኩሉ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ (ከሥር ያለ የብረት ስፕሪንግ) ሁለት ቀለበት ሠራ፤ ከፑሊው እምብርት በሁለቱም ወገን ወጣ ብሎ የቀረውን አንገት የሚይዙ። ቀለበቱን ሆን ብሎ ከአንገቱ ጥቂት አጠበበው። እስኪቀላ አግሎ ሲያመጣው ሰፍቷል፣ ሹልክ ብሎ ገባ፤ እንጨቱ ጢስ ሲያነሳ ውኃ አፈሰሰበት። ቀለበቱ ሲጠብ እንጨቱ «ቅው» አለ። ሁለቱ ግማሾች መገናኛቸው ምላጭ አያስገባም ነበር። አጠገቤ ቆመው የነበሩት ጠራቢ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆዩ።

ጥር 9

ገጠምነው። ሞተሯ ተነሳች፣ ቺንጋው ተዘረጋ፣ አሥር ዙር ሳይሞላ ቺንጋው ወደ ጎን ሄዶ ወደቀ። መልሰን፤ ወደቀ። ሞተሯንና መቀሸሪያውን በክር አስተካከልን፤ አሁንም ወደቀ።

አባባ እየሳቁ «ሆድ የለውም» አሉ። ፑሊው ዝርግ ነው። ለዝርግ ቺንጋ የፑሊ ፊት መሃሉ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ቺንጋ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ይወጣል። ጠራቢው አላመኑም። «ነገር ወደ ታች ነው የሚንሸራተት እንጂ!» አባባ አንድ የዱላ ቁራጭ መሃሉን በጨርቅ ጠቅልለው አወፈሩ፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው አጠለቁበትና አሽከረከሩ። ጎማው ከዳር ጀምሮ እየተንፏቀቀ ወጥቶ መሃሉ ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ጠራቢው ዱላውን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። የጎማው አንዱ ጠርዝ ከሌላው ይበልጥ እየተሳበ ወደ ላይ እንደሚጎትተው በመጨረሻ ያስረዱን ሳቸው ናቸው፤ አባባ እንኳን በዚህ ቋንቋ አልነገሩንም።

«ዕድሜ ልኬን መቀመጫ ሳጎደጉድ ኖሬ፣ ዛሬ ሆድ አውጣ ትሉኛላችሁ» አሉና መሮ አነሱ። ፑሊውን ከነዘንጉ ሁለት ልጆች በእጅ ያሽከረክራሉ፣ ጠራቢው መሮውን በጣውላ ላይ አስደግፈው ይልጋሉ። ሦስት ሚሊ ሜትር መሃሉ ላይ። በካሊብሮ (በሚሊ ሜትር መለኪያ) ስለካ በሁለቱም ወገን እኩል ነው። በዓይናቸው ነው የሠሩት፤ ካሊብሮውን ያዩት እኔ ከለካሁ በኋላ ነው።

ቆዳ ሠሪያችን የቺንጋውን ሁለት ጫፍ በጠፍር ሰፋልን። የብረት ማያያዣው በየዙሩ ፑሊው ላይ ይጮህ ነበር፤ ጠፍሩ ዝም ይላል።

ጥር 16

ጥምቀትም አለፈ። ሰው በዛ፤ ልጆች በዙ። ከቺንጋው ዙሪያ ገመድ ወጠርን፣ ሕጉም አንድ ነው፦ ጋቢና ነጠላ ለብሶ ከገመዱ ማለፍ የለም። የሚሽከረከር ቺንጋ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ ሰውየውን ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አላወልቅም ብለው ከገመዱ ውጭ ወንበር ተሰጣቸው።

ሁለት ፈረሱላ፣ ማለትም 34 ኪሎ ጀንፈል አስገባን። ቺንጋው መሃሉ ላይ ቁጭ አለ። መቀሸሪያው አልጮኸም፤ ገለባው በወንፊቱ ሥር ረገፈ፣ ፍሬው በአፉ ወረደ። ቢላዋውን ሁለት ጊዜ አላላን፣ አንዴ አጠበቅን። 17 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቅሽር ወጣ። እናታችን አበጥረው ከኪሎው 60 ግራም ተሰባሪ ለዩ። «ሙቀጫዬን አልጥለውም» አሉ፤ «ይሄኛው ግን ለዶሮ አይደለም።»

የቀረ ሥራ፦ በግራ በኩል ባለው ኩሽኔታ (የዘንጉ ማዞሪያ) ዘይት ታፈሳለች፣ ጓርኒሲዮኑ ይለወጥ። ከቀለበቶቹ አንዱን በሳምንት አንዴ ማየት። ናፍጣ ማን እንደሚያመጣ ተራ ይውጣ። የተሰነጠቀውን ዋንዛ ማንም አልጣለውም፤ አባባ ሻይ ያስቀምጡበታል። ካሊብሮዬን ደግሞ ጠራቢው ወስደውታል፣ ሳምንት ሊሆነው ነው። ልጃቸውን ብጠይቀው፣ ማታ ማታ የሠሯቸውን በርጩማዎች እግር እየለኩበት ነው አለኝ።